«አትከኪ!» ለሚባሉ ሁሉ፦ ማሳከክንና ጭንቀትን አንድ ላይ የመያዣ መንገድ

ሐምሌ ነው፣ ደሴ። ከምሽቱ 5 ሰዓት። ጦሳ ጉሙን ለብሶ ተኝቷል፣ ከተማውም ተኝቷል። እኔ ብርድ ልብሱን ገፍፌ የግራ ቁርጭምጭሚቴን አካለሁ። እናቴ ከመጋረጃው ማዶ «አትከኪ!» ትላለች። አቆማለሁ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ በቀኝ እግሬ ተረከዝ ቀስ ብዬ እቀጥላለሁ። ድምፅ የለውማ።

እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ያለብኝ ችፌ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ አንገቴ ጀርባ ላይ፣ አንዳንዴ ክርኔ መታጠፊያ ላይ። ቅባት ያዘዙልኝ ሰዎች ስለ እንቅልፌ ጠይቀውኝ አያውቁም። ጭንቀቴን ያዋየኋቸው ደግሞ እግሬን አላዩትም። አንዱ «የቆዳ ነው» ይለኛል፣ ሌላው «ሐሳብ ስለምታበዢ ነው» ይለኛል። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ነበር የያዙት። የተሻለኝ ሁለቱን በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ደብተር፣ አብሬ መያዝ ስጀምር ነው። መንገዱን በተራ ልንገራችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ሳሙኤል ሃፈንሬፈር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1660 እ.ኤ.አ. ማሳከክን «የማከክ ፍላጎት የሚቀሰቅስ ደስ የማይል ስሜት» ብሎ ገለጸው። ሐኪሞች ዛሬም ይህንኑ ትርጉም ይጠቀማሉ። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ቆዳ የሚል ቃል የለበትም። ስሜት አለ፣ ፍላጎት አለ።

ማሳከክ ከቆዳ ተነስቶ በቀጫጭን ነርቮች ወደ አከርካሪ፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይሄዳል። ስናክ ትንሽ ሕመም እንፈጥራለን፣ ሕመሙ ማሳከኩን ለጊዜው ይሸፍነዋል። እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ከዚያ ነው ጣጣው። አንጎል ሕመሙን ለማስታገስ ሴሮቶኒን የሚባል ኬሚካል ይለቃል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ያሳየው፣ ይኸው ሴሮቶኒን የማሳከክ ነርቮችን መልሶ እንደሚቀሰቅስ ነው። የተቧጨረው ቆዳም ይቆጣል፣ እየቆየ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ይበልጥ ያሳክካል። የእኔ ቁርጭምጭሚት በመጨረሻ እንደ ጫማ ቆዳ ሆኖ ነበር።

ጭንቀት ደግሞ ከሌላ በኩል ይገባል። ስንጨነቅ ቆዳ ውስጥ ያሉ ሴሎች ሂስታሚንና ሌሎች የሚያስቆጡ ነገሮችን ይለቃሉ። ቆዳው እርጥበቱን ይዞ የሚያቆይበት አጥርም ይላላል፣ ሲጎዳ ቶሎ አይጠገንም። ከዚያ ያሳክካል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ነገ ደግሞ ድካምና ንዴት ይጨመርበታል። ክብ ነው። በ13 የአውሮፓ አገሮች በቆዳ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር። ከ100 የቆዳ ታካሚዎች 10 ያህሉ ድባቴ ነበረባቸው፣ የቆዳ ችግር ከሌለባቸው ግን 4 ያህሉ። ጭንቀት 17 ለ11 ነበር።

ያ አውሮፓ ነው። ወሎ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ አየ፣ በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል እከክ እንደ ወረርሽኝ ተዛመተ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ አስርና ከዚያ በላይ ሆኖ ያደረ ሰው ብዙ ነው። ቆዳውም ልቡም አብረው የተጎዱበት ዘመን ነበር፣ የሁሉም ሰው ቁስል ገና አልደረቀም።

1. እከክ አለመሆኑን ሳታረጋግጡ «ጭንቀት ነው» አትበሉ

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። የሚያሳክከው ሰው የተጨነቀ ስለሚመስል፣ ሁሉ ነገር በጭንቀት ይሳበባል። እከክ ግን ጥቃቅን ተባይ የሚያመጣው፣ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። በዱዓም በምክርም ብቻ አይለቅም።

እከክን እንዲህ ጠርጥሩት፦ ሌሊት ይብሳል። በጣቶች መካከል፣ የእጅ አንጓ ላይ፣ ወገብ ላይ፣ ብልት አካባቢ ይበዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ ሌላ የሚያክ ሰው አለ። «እከክልኝ ልከክልህ» የሚባለው ተረት ቤታችሁ ውስጥ በቁሙ እየተሠራ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፐርሜትሪን ወይም ቤንዚል ቤንዞኤት ይሰጣችኋል፣ አንዳንዴ የሚዋጥ አይቨርሜክቲን። ሦስት ነገር አደራ። የማያሳክከውም የቤት ሰው ጭምር በአንድ ቀን ይታከም። ሐኪሙ ድገሙት ባለው ቀን ደግሞ ድገሙት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው። ልብስና አንሶላ በፈላ ውሃ ይታጠብ። የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ለ3 ቀን ብታቆዩት ተባዩ ይሞታል፣ እኔ ለጥንቃቄ ሳምንት አቆየዋለሁ። ከሕክምናው በኋላ ለ2 እስከ 4 ሳምንት ትንሽ ማሳከክ ሊቀር ይችላል። ያ አልዳንኩም ማለት አይደለም፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እየደጋገማችሁ ቆዳችሁን አታቃጥሉ።

ክብ ሆኖ ጠርዙ የተነሳ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጎረቤት የሰጣችሁን ወይም ከመድኃኒት ቤት በቃል የገዛችሁትን የስቴሮይድ ቅባት (የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ ቅባት ነው) ጭርት ላይ አትቀቡ። ለጥቂት ቀን ያስታግስና በኋላ ይሰፋል፣ መልኩንም ስለሚቀይር ሐኪሙ ራሱ ይቸገራል።

ሽፍታ ሳይኖር ሰውነት ሁሉ ቢያሳክክስ? ከ6 ሳምንት ካለፈ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ኩላሊት፣ ጉበት፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ የብረት ማነስ፣ ኤች አይ ቪ ሁሉም ሊያሳክኩ ይችላሉ። ከሚሴና ሐርቡ አካባቢ ላላችሁ ደግሞ፦ ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ብዙ ጥቁር ሰዎችን ያሳክካል። መድኃኒቱን ከወሰዳችሁ በኋላ የጀመረ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት። ነፍሰ ጡር ሆና መዳፏንና የእግሯን ውስጥ የሚያሳክካት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ነገ ሳትል ዛሬ ትታይ። የጉበት ችግር ሊሆን ይችላል፣ ለፅንሱም ያሰጋል።

ሽፍታው በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ግራጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ወይም ጥቁር ይመስላል፣ ሲዳሰስ ይሻክራል። «ቀይ አይደለም፣ ምንም የለብሽም» ተብዬ የተመለስኩበት ቀን አለ።

አንድ ሌላ ነገር። ብዙ ሰው የቆዳ ሕመም ሲይዘው በሆዱ የሚፈራው ሥጋ ደዌን ነው። አፍ አውጥቶ ግን አይናገረውም። የሥጋ ደዌ ጠቃጠቆ አብዛኛውን ጊዜ አያሳክክም፣ ይልቁንም ይደነዝዛል። የደነዘዘ ቦታ ካላችሁ ሄዳችሁ ታዩ፣ መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ይድናል። የሚያሳክክና ስሜት ያለው ከሆነ ግን ይህን ፍርሃት ከላያችሁ አራግፉት። ለእኔ የፍርሃቱ መራገፍ ብቻ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ሰጥቶኛል።

2. ለ2 ሳምንት ጻፉ

ተራ ደብተርም ይሁን የስልክ ማስታወሻ። አራት ነገር ብቻ፦ ሰዓት፣ ማሳከኩ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው፣ ምን እየሠራሁ ነበር፣ ምን ተሰማኝ። የእኔ ደብተር እንዲህ ይላል፦

ሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰዓት። 3። ልብስ እያጠብኩ፣ ዱቄት ሳሙና።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10። 7። አከራያችን ደወለች።

ማክሰኞ፣ ማታ 5። 9። ምንም አልሠራሁም። ተኝቻለሁ።

ረቡዕ፣ 9 ሰዓት። 1። ቡና ላይ ነበርኩ፣ ሳቅ በዝቶ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። የእኔ ሳሙና ከአከራዬ ያነሰ ጥፋት እንዳለበት ያየሁት እዚያ ላይ ነው። የሌላ ሰው ደብተር ተቃራኒውን ሊያሳይ ይችላል። ደብተሩን አትጣሉት፣ ሐኪም ቤት ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

3. ቆዳውን ቅባት አጠጡት፣ በየቀኑ

ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ብርዱና ደረቁ አየር ቆዳ ያደርቃል። ኮምቦልቻ ወረድ ስትሉ ደግሞ ሙቀቱና ላቡ ያሳክካል። ስለዚህ የሁሉም ሰው ችግር አንድ ዓይነት አይሆንም። መሠረቱ ግን አንድ ነው።

ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ሙቅ ውሃ ሲያርፍበት ያረካል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ያስከፍላል። ሳሙና ብብት፣ ብልትና እግር ላይ ብቻ፤ የልብስ ሳሙና ገላ ላይ ፈጽሞ አይሁን። በፎጣ አትፈትጉ፣ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁ። ቆዳው እርጥበት እንዳለው፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ቫዝሊን ቀቡት። ውድ ክሬም አያስፈልግም፤ ሽታ የሌለው ተራ ቫዝሊን በቂ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሙሉ ገላ መታጠብ ባይቻል፣ የሚያሳክከውን ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ አርሱና ቀቡ።

ሐኪም የስቴሮይድ ቅባት ካዘዘ አትፍሩት፣ አትዳፈሩትም። ከሌባ ጣታችሁ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የምታወጡት ቅባት ሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃዋል። ለታዘዘው ቀን ብቻ። ፊት ላይ ካልተባላችሁ አትቀቡ። የጠቆረውን ለማንጣት ብላችሁ ደግሞ የማንጫ ክሬም ውስጥ እንዳትገቡ፤ ማከክ ሲቆም ጥቁረቱ በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል።

ስለ አገር ቤት መድኃኒት አጭር ቃል። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ማሰር ቆዳ ያቃጥላል፣ ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ መውጣትም እንደዚያው። ጋዝና የባትሪ ድንጋይ ዱቄት መርዝ ናቸው። ወይባና ቦለቂያ መሞቅ የምንወደው ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሙቀቱና ላቡ የተቆጣ ቆዳን ያባብሰዋል። ቆዳው እስኪድን ይቆይ፣ ጢሱ የትም አይሄድም። ጸበልና ዱዓን በተመለከተ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልባችሁን ካሳረፈው ሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ፣ ፎጣም አትዋዋሱ።

4. ለእጃችሁ ሌላ ሥራ ስጡት

ይህን ደረጃ ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው። ማከክ ከጊዜ በኋላ ልማድ ይሆናል። ሳያሳክክም እጅ ይሄዳል። ስልክ ስታወሩ፣ ታክሲ ስትጠብቁ፣ ዜና ስትሰሙ። ልማድን ደግሞ «አቁም» ብሎ ማስቆም አይቻልም፣ በሌላ ልማድ መተካት እንጂ። በሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ የታወቀ ዘዴ ነው፣ ለችፌም ሲሞከር ቅባት ብቻ ከመቀባት ይልቅ ከቅባት ጋር የተሻለ ውጤት አሳይቷል።

የመጀመሪያው ሳምንት መቁጠር ብቻ ነው። እኔ ጠዋት በቀኝ ኪሴ አንድ እፍኝ ሽምብራ እይዛለሁ። ባከኩ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስ። መከልከል የለም፣ ራስን መውቀስ የለም፣ መቁጠር ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ግራ ኪሴን ገልብጬ ስቆጥር 63 ነበረች። እኔ 15 የምትሆን መስሎኝ ነበር። ሽምብራዋን ቆልቼ በላኋት፣ ሳቄ መጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ምትኩን ጀምሩ። እጃችሁ ሲነሳ ያዙት። ሁለት ጡጫ ጨብጡና ለ30 ሰከንድ ያህል አቆዩ። ማሳከኩ ካልለቀቀ ቦታውን በመዳፍ ጫን አድርጉት፣ ወይም በጣት ጫፍ መታ መታ። በጥፍር አይሁን። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ማድረግም ይሠራል። የማሳከክ ማዕበል ከፍ ብሎ ይወርዳል። ጫፉ ላይ ሳለ የማያልቅ ይመስላል፣ ግን ይወርዳል።

ከሁሉ ቀላሉ እጅን ሥራ ማስያዝ ነው። ሙስሊሙ መስበሃ ይዞ፣ ክርስቲያኑ መቁጠሪያ ይዞ እጁን ሥራ ማስያዝ ይችላል፤ ወሎ ውስጥ ሁለቱም በአንድ ግቢ አሉ። ሹራብ፣ ጥልፍ፣ ስፌት የሚችል ይስፋ። ጥፍራችሁን ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ቁረጡ። በእንቅልፍ ልባችሁ የምታክኩ ከሆነ ስስ የጥጥ ጓንት ወይም ንጹሕ ካልሲ እጃችሁ ላይ አጥልቁ። ያስቃል፣ ይሠራል።

5. ሌሊቱ

ማታ የሚብሰው በምክንያት ነው። የቆዳ ሙቀት ይጨምራል፣ እብጠት የሚያበርደው ኮርቲሶል የሚባለው የሰውነት ሆርሞን ይቀንሳል፣ ሐሳብ የሚሰርቅ ነገርም የለም። እናንተና ማሳከኩ ብቻ ትቀራላችሁ።

ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ወይም ብርድ ልብስ ገላ ላይ በቀጥታ አታድርጉ። በመካከል ነጠላ ወይም የጥጥ አንሶላ ይግባ፣ ጋቢም ጥሩ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ቫዝሊን። አልጋው አጠገብ አንድ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃና ጨርቅ አስቀምጡ፣ ሌሊት ተነስታችሁ እንዳትፈልጉ።

ስለ ቡናና ጫት ስናገር አገሬ ይቅር ይበለኝ። ቡናውን ከሰዓት በፊት አድርጉት፣ ለ2 ሳምንት ብቻ ሞክሩት። ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ እንቅልፍ እንቢ አለኝ ማለት አይሆንም። ጫትም እንደዚያው፤ ምርቃናው ሲወርድ ከሚመጣው ድብርት ጋር ማሳከክ ሲደመር ሌሊቱ አይነጋም።

በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተኛችሁ ተነሱ። ጨለማ ውስጥ ተጋድሞ መታከክ አልጋውን የማከኪያ ቦታ ያደርገዋል። ሌላ ክፍል ከሌለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ መብራቱን ቀንሱ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። እንቅልፍ የሚያስመጡ የድሮ የአለርጂ ክኒኖች፣ ለምሳሌ ክሎርፌኒራሚን፣ ያስተኙ ይሆናል እንጂ የችፌን ማሳከክ ብዙም አይነኩም። እንደ ንብ ንድፊያ ያዝ ለቀቅ ለሚያደርግ ሽፍታ ግን ሴትሪዚንና ሎራታዲን ጥሩ ናቸው። የሚያስተኛውን ውጦ ጠዋት ባጃጅ መንዳት አይሆንም።

6. ልብን ማየት

ሁለት ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ባለፉት 2 ሳምንታት፣ ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት፣ ድሮ ደስ ይለኝ የነበረው ነገር አስጠልቶኛል? ልቤ ወድቋል፣ ተስፋ ቆርጫለሁ? ለአንዱ እንኳ አዎ ካላችሁ ይህ በቫዝሊን አይፈታም። የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ጭንቀቱ ቀለል ያለ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚሠራ አለ። ከመሸ በኋላ ሳይሆን ወደ 11 ሰዓት አካባቢ 15 ደቂቃ መድቡ። የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በወረቀት ጻፉ። ከየአንዱ አጠገብ ነገ ምን እንደምታደርጉ፣ ወይም «ከእጄ ውጭ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ማታ ሐሳቡ ሲመጣ «አንተ ወረቀት ላይ አለህ» በሉት። ስትተነፍሱ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ፣ ለ5 ደቂቃ። የመጀመሪያ ቀን ምንም አይመስልም። በሳምንቱ ትከሻ መውረዱን ታዩታላችሁ።

ኀፍረቱ ሌላ ነው። እኔ ሐዘን ቤትና ሠርግ ቤት እጅጌዬን ሳልሰበስብ ቀርቼ፣ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ፣ በመጨረሻ ደግሞ ጭራሽ ሳልሄድ መቅረት ጀምሬ ነበር። ወሎ ውስጥ ቡና ላይ ያልተገኘ ሰው ከአገር የወጣ ያህል ነው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። ሰው አንገቴን ትኩር ብሎ ሲያይ ቶሎ ብዬ «ችፌ ነው፣ አይተላለፍም፣ አብሽሩ» እላለሁ። አጭር ናት። ጠያቂውም ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ። መጀመሪያ መስታወት ፊት ደጋግሜ ተለማምጃታለሁ። እናንተም የራሳችሁን አዘጋጁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለሐኪም ብቻ አይደለም።

7. ሐኪም ቤት

ከ6 ሳምንት ካለፈ፣ እንቅልፍ ከነሳ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ፣ ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ሌሊት ካላባችሁ፣ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ መሞከሩ ይብቃ። በጤና ጣቢያ ጀምሩ። ከዚያ ወዲያ ደቡብ ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። በታሪክ ቦሩ ሜዳ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው በ1870 ዓ.ም. የተደረገውን የሃይማኖት ጉባኤ ነው፤ ሆስፒታሉ ግን ከሥጋ ደዌ ሕክምና የተነሳ፣ በቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው። ለአእምሮ ሕክምና ደሴ ላይ ያለው ሪፈራል ሆስፒታል አገልግሎት ይሰጣል።

ክፍሉ ውስጥ የምትቆዩት ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ደብተሩን አውጡና ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ፦ «3 ወር ሆነኝ፣ ማታ 9 ይደርሳል፣ በሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ነው የምተኛው፣ ልቤም ወድቋል።» የቆዳው ሐኪም ስለ ልባችሁ ካልጠየቀ እናንተ ንገሩት። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ዘንድ ስትሄዱም እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ አሳዩ። የተቀባችሁትን ቅባት ሁሉ፣ ባዶ ቱቦውን ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። «ነጭ ነው፣ ቆቡ ሰማያዊ ነው» ብሎ መግለጽ የትም አያደርስም፣ ሞክሬዋለሁ።

ለድባቴ የሚሰጥ መድኃኒት ለማሳከክም ቢታዘዝላችሁ «እብድ አደረጉኝ» አትበሉ። እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉት በትንሽ መጠን ማታ ሲወሰዱ ማሳከኩንም ያበርዳሉ፣ እንቅልፍም ያመጣሉ። በራሳችሁ ግን አትጀምሩ፣ በራሳችሁም አታቁሙ።

«ቆዳዬ ውስጥ ትል ይሄዳል» የሚል ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሐኪም አይቶ ምንም ካላገኘ፣ አትሳቁበት፣ አትከራከሩትም። ትል ባይኖርም የሚሰማው ስሜት እውነት ነው። «እንቅልፍ እንድታገኝ እንሂድ» ብላችሁ ውሰዱት።

ሞትን የተመኘ፣ ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ሰው ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። እስከዚያ ሰው ከጎኑ አይለየው፣ ፀረ ተባይም ሆነ ሌላ አደገኛ ነገር ከቤት ይራቅ። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ያቀልለታል እንጂ።

8. ለቤተሰብ

«አትከኪ» ያለኝ ሰው ሁሉ ወዶኝ ነው ያለኝ። ግን ቃሉ ሲመጣ የሚያሳክከው ሰው ሁለት ሥራ ይሆንበታል፤ ማሳከኩን መቻልና መደበቅ። በእሱ ፈንታ «ጨርቅ ላርጥብልሽ?» በሉ። ጀርባ ላይ እጅ የማይደርስበት ቦታ ቫዝሊን ቀቡለት። ልጅ ከሆነ ደግሞ ያላከከበትን ሰዓት አይታችሁ አመስግኑት፣ ያከከበትን አትቁጠሩበት።

እናቴ ይህን ያነበበችው የትም አይደለም። አንድ እሑድ ቡና ልታፈላ ተቀምጣ፣ እጄ ወደ ቁርጭምጭሚቴ ሲወርድ አየችው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ያልተለቀመውን ቡና ከነሰፌዱ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። አንድ በአንድ ለቀምኩት። አሁን በየሳምንቱ ቡናውን የምለቅመው እኔ ነኝ፣ እሷ ደግሞ እሳቱን ታያይዛለች።